የጋሩማ ቀኝ እጅ

ጋሩማ ጥፋቱን ሁሉ በአንገቱ ማመካኘት ሲጀምር መጀመሪያ ያሳመነው ራሱን ነበር።

ነቀምቴ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ ሆኖ ጸጉሩ እስኪሸብት ያገለገለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ እጁ የታመነ ሰው ነው። በሽተኛን ሙሉ በሙሉ ማስተኛት ወይም ጀርባ ላይ ወግቶ ከወገብ በታች ማደንዘዝ ባልደረቦቹም ይችሉበታል። ነርቭ ለይቶ፣ ሰውየው ነቅቶ እያወራ አንድ እግሩን ብቻ ማደንዘዝ ግን በዚያ ቤት ከእሱ በቀር የሚያውቅበት አልነበረም። ልቡ የደከመ ወይም ሳንባው የተጎዳ፣ ማስተኛቱ የሚያስፈራ ሰው ጉልበቱ ተሰብሮ ሲመጣ፣ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ሞሲሳ ሌላ ነገር ከማሰቡ በፊት «ኦቦ ጋሩማ ዛሬ አሉ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። በግራ እጅ የአልትራሳውንዱን ራስ በሽተኛው ታፋ ላይ ያሳርፋል፤ በቀኝ እጅ ረጅሙን ቀጭን መርፌ ይነዳል፤ ዓይኑ ደግሞ ከትከሻው ወዲያ በቆመው ስክሪን ላይ መርፌው ሥጋ ውስጥ የት እንደደረሰ ይከተላል። ስክሪኑን ሲያይ እጁን አያይም፤ እጁን ሲያይ ስክሪኑ ያመልጠዋል። አንገት የሚጎዳ ሥራ ነው፤ እውነት ነው።

ካለፈው ዓመት ወዲህ መርፌው እንደ ድሮው እሺ አይለው ጀመር። ነርቩ አጠገብ ደርሶ ሊቆም ሲል ከቦታው ይሸሻል። አንዳንዱ በሽተኛ ቢላው ሲነካው «ኧረ ይሰማኛል» ይላል፤ በላዩ ላይ ሌላ መድኃኒት ይሰጠውና እንደ ምንም ያልፋል። ጋሩማ «አንገቴ ነው፤ ስዞር ይይዘኛል» አለ። ሚስቱ ኡርጂ ከሥራ ሲመለስ አንገቱን በቅባት ታሸው ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ልማድ አመጣ። ሊሊሴ የምትባል ወጣት የማደንዘዣ ባለሙያ አብራው ትሠራለች፤ ቀልጣፋና ጠያቂ፣ ይህን ሥራ ለመልመድ ያላት ጉጉት ፊቷ ላይ የሚነበብ። ድሮ አጠገቡ ያስቆማት ነበር። አሁን መርፌውን ከማንሳቱ በፊት «ሊሊሴ፣ ሂጂና ቀጣዩን በሽተኛ አዘጋጂ» ይላታል። «አንድ ቀን እኔ ልሞክረዋ፣ ኦቦ ጋሩማ» ስትለው «ይደርሳል» ብሎ ያልፋታል። ለምን እንደሚያስወጣት ለራሱም አልተናገረም።

መነጽር ያስመጣለት ዶክተር ሞሲሳ ነው። የጋሩማ አንገት ነገር አሳስቦት ለማያውቃቸው ለጋሾች ደጋግሞ ጻፈ። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው አለን፤ ሌላ የለንም፤ አንገቱ ከሥራ ሊያስቀረው ነው አለ። ከወራት በኋላ አዲስ አልትራሳውንድና ከሱ ጋር በሽቦ አልባ የሚገናኝ መነጽር መጣ። አጠቃቀሙን የምታሳይ ማሂ የምትባል ባለሙያም ከአዲስ አበባ አብራ መጣች።

መነጽሩ ወፍራም ፍሬም ያለው የጸሐይ መነጽር ይመስላል። ዓይን ላይ ሲያደርጉት የአልትራሳውንዱ ምስል ፊት ለፊት አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ከሥሩ ደግሞ የራስ እጅና የበሽተኛው ታፋ ይታያል። መዞር የለም። ጋሩማ መጀመሪያ ሊሊሴ እጅ ላይ የአልትራሳውንዱን ራስ አሳርፎ ሞከረው። የደም ሥሯ ጥቁር ክብ ሆኖ ሲመታ፣ ነርቩም ከጎኑ ነጣ ብሎ ሲታየው ሳያስበው ፈገግ አለ። ዶክተር ሞሲሳ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «እንግዲህ አንገትዎ ሰበብ የለውም» አለው። በቀልድ ነበር ያለው።

በማግሥቱ ማሂ ከሉካንዳ ጭን ሥጋ አስመጣችና በመርፌ ይለማመዱ አለች። ጋሩማ መነጽሩን አጥልቆ መርፌውን ነዳ። መርፌው ነጭ መስመር ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ወጣትነቱ ዘመን እጁ ገባ። ያሰበበት ደረሰና አቆመው። ትንሽ ቆየ። ከዚያ የመርፌው ጫፍ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እጁ ሲንቀሳቀስ ደህና ነው፤ ጸጥ ብሎ ሊቆም ሲል ነው የሚመጣው። አንድ ዓይነት ምት ያለው፣ የማይፈጥን የማይዘገይ መንቀጥቀጥ።

ቀና ብሎ እጁን በዓይኑ አየው። በባዶ ዓይን እምብዛም አያስታውቅም። መነጽሩ ውስጥ ግን ጎልቶ ፊቱ ላይ ቆሟል። አንገቱ አልዞረም፤ ትከሻው አልተሸመቀቀም፤ ወንበሩ ምቹ ነው።

«ምስሉ ስለሚያጎላው ነው፣ አይጨነቁ፤ ሁሉም መጀመሪያ እንዲህ ይሆናል» አለች ማሂ።

ጋሩማ መርፌውን አወጣና «ልክ ነሽ» አላት። ይህን ዓይነት እጅ ስንት ጊዜ በሽተኛ ላይ አይቶታል። የበሽታውን ስም ያውቀዋል። ስሙን ግን በሐሳቡም አልጠራውም።

ማሂ ወደ አዲስ አበባ ከተመለሰች ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ሠርፀ በቃሬዛ መጡ።

ጋሼ ሠርፀ አባታቸው ከመንዝ የመጡ፣ እሳቸው ግን ወለጋ ተወልደው ወለጋ ያረጁ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ጋሩማ ከጉቴ ገጠር ነቀምቴ ለትምህርት ሲመጣ ከኦሮምኛ በቀር አንድ ቃል አያውቅም ነበር። ፊደል አስይዘው፣ ሲሳሳት የሳቁበትን ልጆች ዝም አሰኝተው፣ ክፍል እንዳይደግም ያደረጉት እሳቸው ናቸው። አሁን ኡኬ በምትባል ከተማ ሱቅ ካላት ልጃቸው ከየሺአረግ ጋር ይኖራሉ። ዘመድ ጥየቃ ነቀምቴ መጥተው ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር ቁልቁል ሲወርዱ ባጃጅ ተገለበጠባቸው። የቀኝ ጉልበታቸው ሎሚ፣ ከፊት ያለው ክብ አጥንት፣ ለሁለት ተሰብሯል። ካልተሠራ እግራቸው ዳግመኛ አይዘረጋም።

ዶክተር ሞሲሳ የራጅ ፊልሙን ብርሃን ላይ አንጠልጥሎ ለጋሩማ አሳየው። «አጥንቱ ለኔ ቀላል ነው። ልባቸው ግን ደክሟል፣ ሳንባቸውም ጥሩ አይደለም። ባስተኛቸው መልሰው አይነቁም ብዬ እፈራለሁ። የጀርባ አጥንታቸው ደግሞ በድሮ በሽታ ተጣብቋል፤ በዚያ በኩል መርፌ አይገባም። አዲስ አበባ እንዳልልካቸው መንገዱን ያውቁታል፤ ለእንዲህ ያለ ልብ አይሆንም።» ከዚያ ወደ ጋሩማ ዞረ። «የእርስዎ ሥራ ነው።»

ጋሩማ ዋርድ ገብቶ አጠገባቸው ቆመ። ጋሼ ሠርፀ ጉልበታቸው አብጦ፣ ፊታቸው ከስቶ ተኝተዋል፤ ሲያዩት ግን በራላቸው።

«የሺአረግ፣ ይሄ የኔ ልጅ ነው። ከጉቴ ሲመጣ ሀ እና ለን አይለይም ነበር፤ ዛሬ ሰው ሲቆረጥ እንዳያመው የሚያደርግ እሱ ነው።»

«አውቃለሁ አባባ፤ መቼስ ስማቸውን ያላነሡበት ቀን የለም» አለች ልጃቸው። ከዚያ ወደ ጋሩማ ዞር ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ ጋሩማ፣ እንደማያስተኟቸው ቃል ይግቡልኝ። እናቴን በዚያው ነው ያጣኋት።»

«አላስተኛቸውም» አላት።

ጋሩማ የበሽታቸውን ታሪክ እየጠየቀ ሲጽፍ ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና አድርገው እጁን ይመለከቱ ነበር። «ጽሕፈትህ ምነው አነሰች? ድሮ አንድ መስመር አይበቃህም ነበር።»

«ወረቀቱ ጠቦ ነው ጋሼ።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ እሱም ሳቀ።

ቤቱ ሲደርስ ኡርጂ በር ላይ አገኘችው። ከሩቅ ስትመለከተው ቆይታ ነበር። «አባ ሜቲ» አለችው፤ ትልቋ ልጃቸው ሜቲ ስለሆነች እንዲያ ነው የምትጠራው። «ስትራመድ ቀኝ እጅህን አታወዛውዝም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስም አይቻለሁ። ጎንህ ላይ ተጣብቆ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ሄደህ ታይ።»

«ጋሼ ሠርፀን ልሥራና እሄዳለሁ።»

«ከሳቸው በፊት ብትሄድስ?»

ጋሩማ አልፏት ገባ። በልቡ ሥጋው ላይ የታየው በሰው ላይ አይደገምም እያለ ነበር፤ ልምምድ ነው፣ ድካም ነው፣ መነጽሩ አዲስ ሆኖበት ነው። ደግሞም እሱ እምቢ ቢል ሌላ ማን አለ? የሚችል ሰው እንዳይኖር ያደረገ ራሱ መሆኑ ውል ሲልበት ሐሳቡን ወደ ሌላ አዞረ።

ቀዶ ጥገናው ጠዋት ነበር። በዚያ ቀን ሊሊሴን ማስወጣት አልቻለም፤ የሽማግሌው ልብ አንድ ሰው ከጎኑ ሆኖ ምቱን የሚከታተልለት ይፈልጋል። አናታቸው አጠገብ ቆመች። ዶክተር ሞሲሳ እጁን ታጥቦ፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ ይዞ ይጠብቃል። መነጽሩ ውስጥ የሚታየው ምስል ማሽኑ ስክሪን ላይም ስለሚታይ ጋሩማ የሚያየውን ሁሉም ያያል።

«አከም ቡልተን፣ ጋሼ» ብሎ እንዴት አደሩ አላቸው፣ እንዲቀላቸው።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። ዛሬ በኦሮምኛ ልትፈትነኝ ነው?»

የጭናቸውን መጋጠሚያ አጸዳ፣ የላይኛውን ቆዳ አደነዘዘ፣ መነጽሩን አስተካከለ። ትልቁ የደም ሥር ጥቁር ክብ ሆኖ እየመታ መጣ። ከጎኑ፣ ከቀጭን ነጭ ሽፋን ሥር፣ ነርቩ ታየው። መርፌውን ነዳ። መንገዱ ላይ ሳለ እጁ የድሮው እጁ ነበር። ሽፋኑን አልፎ ነርቩ ጎን ደረሰ፤ አሁን መቆም አለበት፤ ቆሞ መድኃኒቱ ቀስ እያለ እስኪገባ መያዝ አለበት።

ጫፉ ይመታ ጀመር።

ትንፋሹን ያዘ። ክርኑን ጎኑ ላይ አጣበቀ። በመነጽሩ ውስጥ መርፌው ወደ ነርቩ ይጠጋል፣ ወደ ደም ሥሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል። መድኃኒቱን ከመልቀቁ በፊት እንደ ሥርዓቱ ስሪንጁን ወደ ኋላ ሳበው። ቀይ ደም ገባ። መርፌውን አወጣና ቦታውን በጨርቅ ተጭኖ ቆየ።

«እየሄደ ነው?» አሉ ጋሼ ሠርፀ ከመጋረጃው ወዲያ።

«እየሄደ ነው ጋሼ።»

ሁለተኛ ገባ። በዚህኛው ጊዜ መንቀጥቀጡ መርፌው ነርቩ ጋ እስኪደርስ እንኳ አልጠበቀም። ዶክተር ሞሲሳ ተጠግቶ፣ ሽማግሌው እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኦቦ ጋሩማ፣ አንገትዎ ነው?» አለው።

«አይደለም» አለ ጋሩማ።

መርፌውን አወጣ። መነጽሩን አወለቀና ለሊሊሴ ዘረጋላት። እሷ መነጽሩን አየች፣ እሱን አየች።

«እኔ አድርጌው አላውቅም።»

«እኔ እነግርሻለሁ።»

አንዲት ነርስ በቦታዋ ቆመችና ሊሊሴ መነጽሩን አጠለቀች። ለፊቷ ሰፍቷት አፍንጫዋ ላይ ይንሸራተት ነበር። እጇ ጸጥ ያለ፣ የወጣት እጅ ነው፤ የምታየውን ግን አታውቀውም። ጋሩማ ከኋላዋ ቆሞ «ወደ ውጭ ጎን… ትንሽ ዝቅ… ያቺ ነጯ ሽፋን፣ ከሥሯ» ይላታል። «የቷ ሽፋን?» ትለዋለች። ስክሪኑ ላይ በጣቱ ያሳያታል፤ ጣቱም ይንቀጠቀጣል። መርፌዋ ቆመ፣ መድኃኒቱ ገባ፣ ግን ከሽፋኑ በላይ ተንጣለለ፤ ነርቩን አልከበበውም። ደገመች። ከኋላ በኩል ያለውንም ነርቭ ሞከሩ። በመጨረሻ ጋሩማ «ተይ፤ ከዚህ በላይ መስጠት ለልባቸው መርዝ ነው» አላት።

ጠበቁ። ዶክተር ሞሲሳ ጉልበታቸውን በመቆንጠጫ ነካ አደረገ። «ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል። ግን ጀምሩት፤ እችለዋለሁ።»

ሌላ ጥቂት ጠበቁና ዶክተር ሞሲሳ ቆዳው ላይ ጀመረ። ጋሼ ሠርፀ ድምፅ አላሰሙም። የነርሷን እጅጌ ጨምድደው ያዙ፤ ግንባራቸው በላብ ተጠመቀ፤ የልባቸው ምት ፈጠነ፤ ቆየት ብሎም መዝለል ጀመረ። ዶክተር ሞሲሳ ቢላውን አስቀመጠ። «በቃ። አልችልም» አለና የከፈተውን ቆዳ መልሶ ሰፋ።

የሺአረግ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ዶክተር ሞሲሳ «ማደንዘዣው አልያዘላቸውም፤ ሌላ ቀን እንሞክራለን» አላት። ጋሩማ ከኋላው መጥቶ «ያልያዘው የኔ እጅ ነው» አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም። «ግን አላስተኟቸውም አይደል? ገለቶማ ጋሼ ጋሩማ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችው።

ልብስ መለወጫው ክፍል ውስጥ ሊሊሴ ጫማዋን ልትፈታ ተቀምጣ ሳትፈታ ቀርታለች። ሲገባ ቀና አላለችም።

«ለምን እንደሚያስወጡኝ ዛሬ ገባኝ» አለችው። «እኔ ደግሞ ንቀውኝ ይመስለኝ ነበር።»

«አልናቅሁሽም።»

«ቢንቁኝ ይሻል ነበር፣ ኦቦ ጋሩማ። ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ እስካሁን እችለው ነበር። ዛሬ የሽማግሌው ጉልበት ይሠራ ነበር።»

ጋሩማ ልብሱን ሰቅሎ ወጣ።

ያ «ሌላ ቀን» አልመጣም። ጋሼ ሠርፀ ተኝተው ሲጠብቁ የሳንባ ምችና ትኩሳት ያዛቸው፤ ለብዙ ጊዜ በኦክስጅን ቆዩ። ከዚያ ሲያገግሙ የጉልበታቸው ስባሪ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ተሳስቦ፣ ጅማቱ አጥሮ፣ ሥራው ከበፊቱ እጅግ የከበደ ሆነ። ዶክተር ሞሲሳ በጀሶ አስሮ ወደ ቤታቸው ሰደዳቸው።

ጋሩማ አዲስ አበባ ሄደ። የነርቭ ሐኪሙ ጣቶቹን እንዲያነካካ፣ ክፍሉ ውስጥ እንዲራመድ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ አዘዘው። ጋሩማ ስሙንና አገሩን ጻፈ። ፊደሎቹ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው እያነሱ እያነሱ ሄዱ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «ምን እንደሆነ ያውቁታል መሰለኝ» አለው። «ፓርኪንሰን» አለ ጋሩማ። የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘለት፤ በሽታውን የሚያቆም ሳይሆን ለጊዜው የሚያስታግስ። መርፌ ግን ከእንግዲህ አይይዝም።

ተመልሶ መድኃኒት መጋዘን ተመደበ። ሊሊሴን ለማስተማር ሞከረ፤ ያለ እጅ፣ በአፍ ብቻ። በሁለቱ መካከል የነበረው ነገር ግን ተበላሽቷል፤ ትሰማዋለች፣ «እሺ» ትላለች፣ ከሚያስፈልገው በላይ አትቆይም። ነርቩን ለይታ ማወቅ ስትጀምር ጅማ ለሁለተኛ ዲግሪ ዕድል አገኘችና ሄደች። ደግ አደረገች አለ ለኡርጂ። ዶክተር ሞሲሳ መነጽሩን ከነሳጥኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ጉልበቱ ተሰብሮ ልቡ የደከመ ሰው ሲመጣ አሁን ለዘመዶቹ ይነገራቸዋል፤ አዲስ አበባ ውሰዱት ወይም ቤት ውሰዱት።

ክረምቱ ሲገባ ጋሩማ ኡኬ ወረደ። ጋሼ ሠርፀ ከሱቁ በስተጀርባ ባለው ክፍል፣ መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። ጀሶው ተፈቷል። ቀኝ እግራቸው ቀጥኗል፤ ግማሽ ታጥፎ የቀረ፣ የማይዘረጋ እግር ነው። ክራንቹ ግድግዳውን ተደግፎ አቧራ ጠግቧል።

«መጣህልኝ» አሉት። «እኔማ ለየሺአረግ ስነግራት ነበር። አዲስ አበባ እናድርስዎ የሚሉ ዘመዶች መጥተው ነበር፤ እምቢ አልኳቸው። ጋሩማ አለ፤ ያን መነጽር ሲለምደው ይመጣል፤ ሌላ ሰው አይነካኝም አልኳቸው። መቼ ይዘኸኝ ትሄዳለህ?»

የሺአረግ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗን ከጋሩማ ላይ አነሳችና ወደ ውጭ ተመለከተች፤ እሷ ሳይገባት አልቀረም።

ጋሩማ ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። መደበቅ አልፈለገም። እጁ በዚያው ምቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን በማንም ዓይን ይታያል።

«ጋሼ፣ እኔ ከእንግዲህ መርፌ አልይዝም። ያን ቀንም መያዝ አልነበረብኝም። አውቄው ነበር።»

ሽማግሌው እጁን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ።

«የሚያውቅ ሌላ ሰውስ የለም?»

«ነበረች። ሄደች።»

«እንግዲያው እግሬ እንዲሁ ነው በለኛ።»

«አዎ ጋሼ። አሁን ለአዲስ አበባም ረፍዷል።»

ጋሼ ሠርፀ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለው ነበር። «ደግ። ቁርጡን ማወቅ ደግ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ጋሩማ ሌላ ነገር ይሉ እንደሆነ ብሎ ተቀምጦ ጠበቀ። የሺአረግ ለመጣ ደንበኛ ስኳር ልትመዝን ወደ ሱቁ ሄደች። ዝናቡ ጋብ ሲል ተነሣ፤ ደህና ይሁኑ አላቸው፤ በእጃቸው ምልክት ሰጡት፤ እሱም የነቀምቴ መኪና ሊጠብቅ ወደ መንገዱ ወጣ።